ቃል አልባው ሽለላ፦ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎንና የይፋት ድምፅ

አንድ ከያኒ ከትውልድ ቀዬው ተነሥቶ ወደ ከተማ ሲገባና ከከተማው የኪነት ሰዎች ጋር ሲቀላቀል ሁለት አደጋዎች ይጠብቁታል። አንደኛው፣ ይዞት የመጣውን ሁሉ በከተማው በር ላይ አራግፎ፣ ከተማው የሚያውቀውን ብቻ አጥንቶ፣ ከሌሎች የማይለይ አንድ ተጨማሪ ሙያተኛ ሆኖ መቅረት ነው። ሁለተኛው፣ ከከተማው ምንም ሳይማር፣ ያንኑ ይዞት የመጣውን እንደ ብርቅ ዕቃ እያሳየ መኖር ነው። የመጀመሪያው ከያኒውን ከብዙኃኑ መካከል ያጠፋዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በቆመበት ያደርቀዋል። በሁለቱ መካከል የምታልፈው መንገድ ጠባብ ናት። በዚች ጠባብ መንገድ ተጉዘው ከዳር ከደረሱት ጥቂት የዘመናዊ ሙዚቃችን ሰዎች አንዱ የይፋት ተወላጅ የነበረው የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የከያኒውን የሕይወት ታሪክ መዘርዘር ወይም ማወደስ አይደለም። ውዳሴው በሕይወት ሳለም ከሞተ በኋላም አልጎደለበትም። የጎደለው ሂስ ነው። በመሆኑም እዚህ የምናነሣው ጥያቄ ሦስት ነው። ጌታቸው ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ሲያሸጋግር ምን ተገኘ? ምንስ ቀረ? የቀረውን መመለስስ የማን ሥራ ነው? ጥያቄው የሙዚቃ ባለሙያዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ስለ ሽለላ መናገር ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም መናገር ጭምር በመሆኑ፣ በተለይ ለሸዋ ሮቢትና ለአካባቢው ሕዝብ ከሙዚቃ በላይ የሆነ ነገር ይነካል።

ድምፁ የተነሣበት አገር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጐዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማበርን ዋሻ የተሻገረ መንገደኛ፣ ደብረ ሲናን ከኋላው ከተወ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርዳም ደጋ ተነሥቶ፣ በአንዲት አጭር ጉዞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚገኘው ሞቃት ቆላ ይገባል። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው እዚያ ነው፤ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቀወት ሜዳ ላይ፣ በሮቢ ወንዝ አጠገብ። ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልባት፣ ከጀርባዋ የደጋው ገደል የቆመባት፣ ከፊት ለፊቷ አገሩ ወደ አፋር ሜዳ የሚዘረጋባት ከተማ ናት።

ይህ ቆላ ባዶ አገር ሆኖ አያውቅም። ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ እስከ 15ኛው መባቻ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ይተዳደር የነበረው የይፋት ሱልጣኔት መቀመጫው በዚሁ አካባቢ ነበር። እንደ ኖራና አስባሪ ባሉ ቦታዎች የድንጋይ ቤቶቹና የመስጊዶቹ ፍርስራሽ ለዛሬ ደርሷል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ለዘመናት በአንድ ገበያ ተገናኝተዋል፤ ጨውና እህል፣ ከብትና ሸማ ተለዋውጠዋል። ከእቃው ጋርም ዜማ ተለዋውጠዋል። መንዙማውና ቅዳሴው፣ የሠርግ ዘፈኑና የእረኛው እንጉርጉሮ፣ የመሰንቆው ግጥምና የጀግናው ፉከራ በአንድ አየር ላይ የሚሰሙበት አገር ነው።

ማሽላ በሚዘራበት አገር እህል ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ በወንጭፍና በጩኸት ይከላከላል፤ ከማማ ወደ ማማም ድምፅ ያቀብላል። ገደልና ሜዳ በተጎራበቱበት በዚህ መሬት ላይ ድምፅ የመጀመሪያ ግዳጁ ርቀትን ማሸነፍ ነው። የጌታቸው አጨዋወት በቀጥታ ከማማው ጩኸት ተቀዳ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሽለላን የመሰለ ጥበብ በምን ዓይነት መሬት ላይ ጠቃሚ እንደሚሆን ለመረዳት ይህን ገጽታ በዓይነ ኅሊና መያዝ ይገባል።

በመሠረቱ ፉከራ የሚነገር፣ ቀረርቶና ሽለላ ደግሞ የሚዜሙ ናቸው። ሸላዩ ከፍ ባለ ድምፅ ይነሣል፤ ድምፁን ይዞ ይቆያል፤ ያርገበግበዋል፤ ከዚያ ስንኙን በአንድ ትንፋሽ አውርዶ ይጥለዋል። የሽለላ ልክ የእግርም ሆነ የከበሮ ምት አይደለም። ልኩ የትንፋሽ ርዝመት ነው። ሸላዩ ብቻውንም አይደለም፤ በዙሪያው የቆመው ሰው «በለው!» እያለ ያጋግለዋል፤ ቃሉን ይቀበለዋል፤ አንዳንዴም ተራውን ነጥቆ ራሱ ይቀጥላል። ስለዚህ ሽለላ ትንፋሽ፣ ግጥምና ተቀባይ የሚባሉ ሦስት አዕማድ አሉት ለማለት ይቻላል። ይህን ለይተን ከያዝን የጌታቸውን ሥራ ለመመዘን የሚያስችለን ሚዛን በእጃችን ገባ ማለት ነው።

ከሰልፉ መካከል

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለደ። መጀመሪያ የያዛቸው መሣሪያዎች ክራርና መሰንቆ ነበሩ። ክላሪኔትና ሳክስፎን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ገና ልጅ ሳለ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1955 በዚያው ዓመት ወደ ተከፈተው ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም ኋላ ብሔራዊ ቴአትር ወደተባለው ቤት ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ አባል ሆነ።

እነዚህ ሦስት ቤቶች በዘመኑ የአዲስ አበባ ሙዚቃ የሚኖርባቸው ቤቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ አንድ ወጣት የሳክስፎን ተጫዋች መሣሪያውን ገዝቶ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ እንደ ፈቃዱ የሚጫወትበት ሁኔታ አልነበረም። መሣሪያው የመንግሥት ነው፤ ልብሱ የደንብ ልብስ ነው፤ ሰዓቱ የተወሰነ ነው። ተጫዋቹ ኖታ ያነባል፤ በረድፍ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ካለው ጋር ትንፋሹን ያስተካክላል። የራሱ ድምፅ ጎልቶ ከተሰማ ጥፋት ነው። ከቆላ ለመጣ፣ ድምፅ ከሌላው በላይ ወጥቶ መሰማቱ የጀግንነት ምልክት ከሆነበት ባህል ለተነሣ ልጅ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ይህች ከተማ ራሷ በመጤ ከያንያን የተሠራች መሆኗንም ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥቱን የሙዚቃ ጓድ አቋቁመው ነበር። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱም በኋላም በቴአትር ቤቱ የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ የትንፋሽ ጓድ እያቀናበረ አንድ ትውልድ ተጫዋች አሠልጥኗል። ከሶርያ የመጣው አርመናዊና ከይፋት የመጣው ልጅ በአንድ መድረክ ሥር ሲገናኙ፣ አንዱ የኦርኬስትራን ሥርዓት ይዞ ኢትዮጵያዊ ዜማ ይፈልጋል፤ ሌላው ኢትዮጵያዊ ዜማ ይዞ የኦርኬስትራን ሥርዓት ይማራል። የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ታላቅነቱ ያረፈው እንዲህ ያለው ፍለጋ ከሁለት ወገን ተነሥቶ መካከል ላይ በመገናኘቱ ነው።

ጌታቸው በዚህ ሕይወት ተደሰተ እንጂ አልተማረረም። ለዚህም ምስክሩ ሥራው ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ከመድረክ አልራቀም፤ የሙያ ዘመኑን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈውም ሌሎችን በማጀብ ነው። እንደ ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ የመሰሉ ታላላቅ ድምፃውያን ሲዘፍኑ ከኋላ ሆኖ ነፍቷል። አጃቢነት ራስን ዝቅ የማድረግ ሙያ ነው። የዘፋኙ ስንኝ የት እንደሚያልቅ፣ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ባዶ ቦታው ስንት ምት እንደሚፈጅ የማያውቅ ሰው ማጀብ አይችልም። በሳክስፎኑ ላይ የምንሰማው የሽለላ ትንፋሽ በዚህ ትምህርት ቤት የተሞረደ ነው። ከሰልፍ ያልገባ ተጫዋች ከሰልፍ ሊወጣ አይችልም፤ ጌታቸው ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ ሲሸልል፣ ያች እርምጃ ትርጉም ያገኘችው ከኋላዋ ሰልፍ ስለነበረ ነው።

ሳክስፎኑ ሲሸልል

ሽለላን በመሣሪያ ብቻ ተጫውተው በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ሙዚቀኞች አንዱ ጌታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ በፊሊፕስ ኩባንያ ያሳተመው ሙሉ ሸክላ በሳክስፎን ላይ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት 14ኛ ክፍል ሆኖ እንደገና ሲወጣም ስሙ ከአገር ውጭ በስፋት ተሰማ። በዚያ ስብስብ ውስጥ ከሽለላው ሌላ እንደ «አካሌ ውቤ» ያሉ የታወቁ ዜማዎች ይገኛሉ። በፓሪስ የተቋቋመ አንድ የሙዚቃ ጓድ ስሙን ከዚሁ ዜማ ወስዶ «አካሌ ውቤ» ተብሏል።

እስቲ አጨዋወቱን በሦስቱ አዕማድ እንመዝነው። በትንፋሽ በኩል የጌታቸው ድል የተሟላ ነው። ሳክስፎን የሸምበቆ አፍ ያለው የነሐስ መሣሪያ ነው፤ በመደበኛው ትምህርት መሠረት ድምፁ ንጹሕና እኩል ሆኖ እንዲወጣ ይፈለጋል። ጌታቸው ግን ድምፁን ያሻክረዋል፤ ያርገበግበዋል፤ ከጉሮሮው ጋር አጋጭቶ ያስገሳዋል። አንዱን ኖታ ይዞ ሲቆይ ጣቶቹ የመሰንቆ ተጫዋች ጣት በጅማቱ ላይ እንደሚያደርገው በዜማው ዳርቻ ይርገበገባሉ። መሰንቆን የሚያውቅ ሰው እዚያ ውስጥ መሰንቆን ይሰማል። ፈረንጅ የሠራው መሣሪያ የሐበሻ ጉሮሮ ሆኗል። የልጅነት መሣሪያዎቹ አልጠፉም፤ ነሐሱ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል።

በተቀባይ በኩል ግን ሸክላው ደካማ ነው። ምቱ ከሥር ወጥ ሆኖ ይሄዳል፤ አጃቢዎቹ መንገዱን ያነጥፋሉ እንጂ «በለው!» አይሉም። ሳክስፎኑ ምቱን እንደ ፈረስ ይጋልበዋል፤ አንዳንዴ ይቀድመዋል፤ አንዳንዴ ሆን ብሎ ይዘገይበታል፤ ይህም የራሱ ውበት አለው። ዳሩ ግን ሽለላ በሰው መካከል ሲሆን እየሞቀ የሚሄድ ጥበብ ነው። በሸክላው አጭር ጊዜ ውስጥ ሸላዩ ገና መሞቅ ሲጀምር ዜማው ያልቃል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የከያኒው ሳይሆን የሸክላው ነው ቢባል ትክክል ነው፤ ቢሆንም አድማጭ ሊያውቀው የሚገባ ጉድለት ነው።

በመድረክ ላይ ጌታቸው ብዙ ጊዜ ለምድ ለብሶና የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይታይ ነበር። ይህን እንደ ትርኢት ማድመቂያ ብቻ የሚቆጥሩ አሉ። ለተውኔት ጸሐፊ ግን ነገሩ እንዲህ አይታይም። ጎፈር በቀድሞው ባህል ገዳይነት የሚመሰከርበት ሽልማት ነበር፤ ሳይገድል የሚደፋው ሰው አልነበረም። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ጎፈሩ አልባስ ይሆናል፤ ሳክስፎኑ የያዘውም ሰው ገጸ ባሕርይ ይሆናል። ጌታቸው ጀግና ነኝ አላለም፤ ጀግናን ተጫወተ። በዚህም የጦር ሜዳውን ሰው ወደ ቴአትር አስገባው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

በሰው ሚዛን

የውጭ አገር ጸሐፊዎች የጌታቸውን ድምፅ ሲሰሙ መጀመሪያ የመጣላቸው ንጽጽር የአሜሪካ ነጻ ጃዝ ነበር። በተለይ ከአልበርት አይለርና ከኦርኔት ኮልማን ጋር አመሳሰሉት። ጌታቸው እነርሱን ሳይሰማ እነርሱ የደረሱበት ደርሷል ብለው ተደነቁ። ንጽጽሩ ከቅን ልቡና የመነጨ በመሆኑ አንወቅሰውም፤ ለዓለም አድማጭም በር ከፍቷል። ሆኖም እኛ ራሳችን ደግመን ስንናገረው ስሕተት ይሆናል።

ነጻ ጃዝ ነጻ የተባለው ራሱን ካሠረው ነገር ስለወጣ ነው። በእርሱ ዘንድ የታወቀ የኅብረ ድምፅ ቅደም ተከተል ነበረ፤ የታወቀ የምት ክፍፍል ነበረ፤ ሙዚቀኞቹ ያንን ሰበሩ። የጌታቸው ሽለላ ግን ምንም አልሰበረም። ከምት ነጻ የሆነው ሽለላ ከጥንቱም በትንፋሽ እንጂ በምት ስለማይለካ ነው። ሻካራ የሆነው ፎካሪ ጉሮሮውን ስለማያለሰልስ ነው። ከላይ ጀምሮ የሚወርደው ስንኙ እንዲህ ስለሚወርድ ነው። ለአሜሪካዊው ሙዚቀኛ አመፅ የሆነው ነገር ለይፋቱ ሰው ሥርዓት ነበር። ሁለቱ በድምፅ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በትርጉም ግን ተቃራኒዎች ናቸው። አንዱ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሲሆን ሌላው ቤቱን ተሸክሞ የገባ ነው።

ይህ ልዩነት ከልብ ካልተያዘ ወጣት ሙዚቀኞቻችን የሚማሩት የተሳሳተ ትምህርት ነው። ጌታቸውን ለመምሰል ሥርዓት ማፍረስ ይበቃል ብለው ያስባሉ። የሚያስፈልገው ግን ሌላ ሥርዓት፣ ያውም ጥብቅ የሆነ ሥርዓት፣ ማወቅ ነው።

የቃል ዕዳ

ሦስተኛው ዓምድ ግጥም ነው። እዚህ ላይ የጌታቸው ሥራ አከራካሪ ይሆናል፤ ለገጣሚም ፈተና ነው። ሽለላ ያለ ግጥም ግማሽ ሽለላ ነው። ሸላዩ በስንኙ ውስጥ ስሙን ይጠራል፤ አባቱንና አያቱን ይቆጥራል፤ ወንዙንና ተራራውን ያነሣል፤ የሞተውን ጓደኛውን ያስታውሳል፤ በሰምና ወርቅ ሹሙን ይወጋል። ሳክስፎን ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ የጌታቸው ሽለላ ከአገሩ ሲወጣ አድራሻውን አጥቷል። ፓሪስ ወይም አምስተርዳም ውስጥ የሚሰማው ሰው ኢትዮጵያን ይሰማል፤ ይፋትን ግን አይሰማም፤ የገደሉን ስም፣ የወንዙን ስም፣ የሰዎቹን ስም አይሰማም። ይህ እውነተኛ ኪሣራ ነው፤ በውዳሴ ሊሸፈን አይገባውም።

ነገር ግን ከቃሉ ጋር አብሮ የሄደ ሌላ ነገርም አለ። እርሱም ጠላት ነው። የሽለላ ግጥም ሁልጊዜ የሚሸለልበት ሰው ይፈልጋል። ስንኙ ዘር ሲቆጥር ወዲያ ማዶ ያለውንም ዘር ይቆጥራል፤ የራሱን ሲያወድስ የሌላውን ያዋርዳል። ቃል ያለው ሽለላ ሲሰማ አንዱ ጎረቤት ደሙ ሲሞቅ ሌላው ጎረቤት ደሙ ይቀዘቅዛል። ቃል አልባው ሽለላ ግን ጀግንነቱን ይዞ ጠላቱን ጥሏል። የቁጣው ግለት አለ፤ የሚቆጡበት ሰው የለም። ልብ ይሞላል፤ እጅ ወደ መሣሪያ አይሄድም። ከዚህ በፊት ያነሣነው የጎፈሩ ነገር እዚህ ላይ ይገጥማል፤ ለምዱና ጎፈሩ ወደ አልባስነት፣ ፎካሪው ወደ ገጸ ባሕርይነት እንደተለወጡ ሁሉ፣ የጦርነቱ ድምፅም ወደ ጥበብ ተለውጧል።

ይህ ለይፋት ቆላ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚቀር ሐሳብ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሷል። ለዘመናት በአንድ ገበያ የተገናኙ ሰዎች መንገድ የተፈራሩበት፣ የማሽላው ማማ ያለ ጠባቂ የቀረበት ጊዜ ታይቷል። ጦርነት ባለበት ቦታ ሁሉ ቀረርቶና ሽለላ ይቀሰቀሳሉ፤ ይህ ባሕርያቸው ነው። ታዲያ ሽለላን እንደ ቅርስ እናስተምር የሚል ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ በማን ላይ የሚሸለል ሽለላ ነው የምናስተምረው? በአገሩ ሽማግሌ ዘንድ ተከብሮ፣ በጎረቤት ጆሮም ሳያስፈራ የሚሰማ ሽለላ ይቻላልን? ከይፋት የወጣ አንድ ሰው ይቻላል ብሎ በትንፋሹ መልሷል። መልሱ በእጃችን እያለ አልተጠቀምንበትም።

ሁለተኛው መግባት

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጌታቸው እንደገና ወደ አንድ እንግዳ ከተማ የኪነት ሰዎች ዘንድ ገባ። ዘ ኤክስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የኔዘርላንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ጓድ 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጋበዘው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አብረው ዞሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ»ን አሳተሙ።

ብዙዎች ይህን ግንኙነት አንድ ሽማግሌ በወጣቶች ጩኸት መካከል እንደቆመ አድርገው ያዩታል። ልብ ብሎ ላዳመጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሚጫወቱት ዜማ የኢትዮጵያ ነው፤ ደች ሙዚቀኞቹ ናቸው ወደ እርሱ ቤት የገቡት። ጊታሮቹ ሻካራ ናቸው፤ ከሳክስፎኑ ሻካራነት ጋር ይስማማሉ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከጎኑ የተሰለፉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ለጥሪው መልስ ይሰጣሉ። በቀድሞው ሸክላ ላይ የጎደለው ሁለተኛው ዓምድ፣ ተቀባዩ፣ እዚህ ተገኝቷል። «በለው!» የሚለው ድምፅ ከአምስተርዳም መጣ። ይህ የሚያስደስትም የሚያሳፍርም ነገር ነው። የሚያስደስተው ጥበብ ወሰን እንደሌለው ስለሚያረጋግጥ ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ ተቀባይ ለመሆን የሚቀርበን እኛ ስለነበርን ነው።

በዚህ ሁለተኛ መግባት ውስጥም የመጀመሪያው መግባት ትምህርት ይታያል። በ14 ዓመቱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲገባ የሌላውን ሥርዓት ተምሮ የራሱን ድምፅ ጠበቀ። በሰባ ዓመቱ ዋዜማ ወደ አምስተርዳም ሲገባ የራሱን ድምፅ ይዞ የሌላውን ጩኸት አልፈራም። የከተማን የኪነት ሕይወት መቀላቀል ማለት ይህ ነው፤ ለመማር የማያፍር ጆሮና ለመሸጥ የማይቸኩል ጉሮሮ።

ለይፋት የሚቀረው

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ከዚህ በኋላ የሚጨምረው ትንፋሽ የለም። የሚጨመር ነገር ካለ የሚጨመረው በተቀባዩ ወገን ነው።

የጣርማበር መንገድ ለኪነት ሲሆን እስካሁን የአንድ ወገን መንገድ ሆኖ ኖሯል። ድምፅ ከቆላው ወደ መናገሻው ይወጣል፤ ከመናገሻው ወደ ቆላው የሚወርደው ግን ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ዘፈን ነው። በብዙ ትናንሽ ከተሞቻችን የሚቋቋሙ የባህል ጓዶች መጀመሪያ የሚገዙት ኪቦርድ ነው፤ መጀመሪያ የሚያጠኑትም በአዲስ አበባ የተወደደውን ዜማ ነው። ልብሱ የአካባቢው ይሆናል፤ ድምፁ ግን የሌላ ይሆናል። ይህ ከላይ ካነሣናቸው ከሁለቱ አደጋዎች የመጀመሪያው ነው፤ ልዩነቱ፣ አሁን ከያኒው ወደ ከተማ ሳይሄድ ከተማው ራሱ ወደ እርሱ መጥቶ የያዘውን ማስጣሉ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ሦስት ነገር እንላለን። ለባህል ሥራ ኃላፊዎች፦ በሸዋ ሮቢት የሚቋቋም ጓድ ገና ከመነሻው የአገሩን ድምፅ ሰብስቦ ይነሣ። የሽማግሌዎቹ ሽለላ፣ የአርጎባው መንዙማ፣ የኦሮሞውና የአፋሩ ዜማ፣ የማማው ጥሪ በድምፅ ይቀረጽ፤ ከተቀረጸ በኋላም ሣጥን ውስጥ አይቆለፍ። ለመምህራን፦ ተማሪው የጌታቸውን ሽለላ ከሰማ በኋላ የሰፈሩን ሸላይ እንዲሰማ፣ ሁለቱንም በትንፋሽ፣ በግጥምና በተቀባይ እንዲመዝን ይደረግ። ከዚህ የተሻለ የሙዚቃም የሥነ ጽሑፍም ትምህርት በቀላሉ አይገኝም። ለከያንያን፣ በተለይ ለገጣሚዎች፦ የጎደለው ዓምድ የእናንተ ነው። ሳክስፎኑ ያጣውን አድራሻ መመለስ የሚችለው ግጥም ነው። የወንዙን ስም፣ የገበያውን ስም፣ የሞቱትን ሰዎች ስም የሚጠራ፣ ነገር ግን ጎረቤትን ጠላት አድርጎ የማይጠራ አዲስ የሽለላ ግጥም ይጻፍ።

ይህ የመጨረሻው ከባድ ሥራ ነው። ሽለላ ያለ ጠላት ልፍስፍስ እንዳይሆን፣ ስብከትም እንዳይሆን ብርቱ ጥበብ ይጠይቃል። ረሀብን፣ ድርቅን፣ ፍርሃትን፣ የራስን ስንፍና ፊት ለፊት ገጥሞ የሚሸልል ግጥም እንደሚቻል መጠራጠር አይገባም፤ አራሹ ከበሬው ጀርባ፣ እህል ጠባቂው ማማው ላይ ሆኖ ከጥንት ጀምሮ የሰው ጠላት ሳያስፈልገው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዜማልና። ጌታቸው መኩሪያ ዜማውን ከጠላት ነጻ አውጥቶ ሰጥቶናል። ቃሉን ከጠላት ነጻ ማውጣት ደግሞ ገና ያልተጀመረ ሥራ ነው፤ ቢጀመር ደግሞ ከይፋት ቆላ የበለጠ የሚያምርበት ቦታ የለም።